ጀግናዋ ቤቷ ከገባች በኋላ ድራማው ምን ይሁን?

የማታ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ስምንት ክፍል ያለው የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ ስላለኝ የምጽፈው ማታ ማታ ነው። ጀግናዬ በአንዲት የጭነት መንኮራኩር ላይ የውኃ ማጣሪያውን የምትጠግን ቴክኒሻን ናት። አዛዥ አይደለችም። ተዋጊም አይደለችም። መንኮራኩሯ ላይ 31 ሰዎች አሉ። የሁሉም ላብ፣ ትንፋሽና ሽንት በእሷ ማሽን አልፎ የሚጠጣ ውኃ ሆኖ ይመለሳል። አንድ ሌሊት፣ ከ11 ዓመት በፊት ከጠፋች መንኮራኩር የድረሱልን ምልክት ይመጣል። ታላቅ ወንድሟ የጠፋው በዚያች መንኮራኩር ነው። ትሄዳለች። ብዙ መከራ ታያለች። በመጨረሻ ወንድሟን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎችን አድና ትመለሳለች።

ችግሬ ይኸውላችሁ፦ የምትመለሰው አራተኛው ክፍል ላይ ነው። ገና አራት ክፍል ይቀረኛል።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። የያዝኩት የጀግናውን ጉዞ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ጆሴፍ ካምቤል የሚባል የአፈ ታሪክ ተመራማሪ በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዓለም ላይ ያሉ የጀግና ተረቶች አንድ ዓይነት አጥንት አላቸው አለ። ጀግናው ከሚያውቀው ዓለም ይወጣል፤ በማያውቀው ይፈተናል፤ ለወገኖቹ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይመለሳል። በ1980ዎቹ ደግሞ ክሪስቶፈር ቮግለር ዲዝኒ ውስጥ ሲሠራ ይህንኑ ለስክሪፕት ጸሐፊዎች እንዲመች አድርጎ ወደ 12 ደረጃ አሳጠረው።

እኔ የያዝኩት የቮግለርን ነው። 12 ካርድ ቆረጥኩ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ደረጃ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የተለመደው ዓለም። ጥሪው። እምቢታው። መካሪው። ደፉን መሻገር። እያለ ይቀጥላል። በየክፍሉ ሦስት ሦስት ካርድ ሳስገባ አራተኛው ላይ አለቀ።

ስክሪፕቱን ያነበበልኝ አንድ ሰው «የመሀሉን ፈተና ለጥጪው» አለኝ። ሁለት ወር ሞከርኩት። ጀግናዬ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ በየክፍሉ አዲስ ጠላት ይገጥማታል፣ ታሸንፋለች፣ ትቀጥላለች። መልሼ ሳነበው ሦስተኛውን ክፍል ባወጣው ማንም አያውቅም። አምስተኛው ላይ ያለችው ሴት ሁለተኛው ላይ ከነበረችው በምንም አትለይም። ተውኩት።

ከዚያ የምወዳቸውን ድራማዎች እንደገና ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የጥንቱን ስታር ትሬክ። በ1966 ጀምሮ በ1969 አበቃ፤ 79 ክፍል ነው። ካፒቴን ከርክን ስናገኘው ካፒቴን ሆኖ ነው። ማን ጠራው፣ መቼ እምቢ አለ፣ አናይም። በየሳምንቱ ወደማይታወቅ ዓለም ይገባል፣ ይፈተናል፣ ይወጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ወንበሩ ላይ ነው። በ1967 የታየ አንድ ክፍል አለ፤ ወደ ኋላ ዘመን ይሄድና አንዲት ሴት ይወዳል። እሷ ካልሞተች ታሪክ ይበላሻል። ሐኪሙ ከመኪና ሊያድናት ሲሮጥ ከርክ ራሱ ይዞ ያስቀረዋል። ዓይኑን ጨፍኖ። ይህን ክፍል ባየሁት ቁጥር አለቅሳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስሟ እንኳ አይነሣም።

ቀጥዬ ኳንተም ሊፕን አየሁ፤ ከ1989 እስከ 1993 የታየው። ሳም ቤኬት በዘመን ውስጥ እየዘለለ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ይገባል፤ የተበላሸውን ያቃናል። ሁልጊዜ ተስፋው አንድ ነው፤ የሚቀጥለው ዝላይ ወደ ቤቱ እንዲሆን። አምስት ሲዝን ሙሉ አብሬው ጠበቅኩ። በመጨረሻው ክፍል መጨረሻ ላይ ጥቁር መደብ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ ዶክተር ሳም ቤኬት ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ጨለማ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

አሁን የማስበው ይሄን ነው። ፊልም ሁለት ሰዓት ነው። ጀግናው ሲመለስ መብራት ይበራል፣ ሰው ይወጣል። ተከታታይ ድራማ ግን እኛም እንድንመለስ ይፈልጋል። ጀግናው ቤቱ ከገባ ለምን እንመለሳለን? ከርክ ሁልጊዜ ተመላሽ ነው፤ ስለዚህ መመለሱ ክብደት የለውም። ሳም ፈጽሞ አይመለስም። በሁለቱ መሀል ምንድነው ያለው?

ስለዚህ ጥያቄዎቼ፦ ጉዞውን በአንድ ሲዝን አንዴ ነው የምሄደው ወይስ በየክፍሉ? ደግሞ ከተመለሰች በኋላ ያሉትን አራት ክፍሎች ምን ላድርጋቸው? ወይስ አራቱን ጥዬ ፊልም ላድርገው? ልቤ ግን ፊልም አይደለም እያለኝ ነው።

ሦስተኛው ሲዝን

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ቶሎ ልመልሰው፤ ሁለቱንም አድርጊ። ሪክ ኤንድ ሞርቲ የተባለውን የካርቱን ድራማ ከፈጠሩት አንዱ ዳን ሃርመን የካምቤልን ጉዞ ስምንት ነጥብ ባለው ክብ አድርጎታል። ለአንድ ክፍል ይበቃል። ትንሹ ክብ በየክፍሉ ይዘጋል፣ ትልቁ በሲዝኑ መጨረሻ። እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቂ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አሥራ ሁለቱንም ካርድ ለአንዲት ሴት ለምን ሰጠሻት?

ባቢሎን 5 የተባለውን የጠፈር ጣቢያ ድራማ ካላየሽው እዚህ ላይ ማንበብ አቁሚ፤ ሙሉውን ልነግርሽ ነውና። ፈጣሪው ስትራዚንስኪ ገና ከመነሻው የአምስት ዓመት ታሪክ አድርጎ ነው ያሰበው። ከ110 ክፍል 92ቱን ራሱ ጻፈ። የጣቢያው አዛዥ ሲንክሌር ነበር፤ ጉዞውም የእሱ ነበር። ተዋናዩ ማይክል ኦሄር ግን ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ወጣ። ለምን እንደሆነ ተመልካቹ አላወቀም። ኦሄር በ2012 ካረፈ በኋላ ነው ስትራዚንስኪ የተናገረው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ምስጢሩን እስከ ዕለተ ሞቱ ጠበቀለት።

እንዲህ ያለ ነገር ድራማ ይገድላል። እዚህ ግን ጉዞው ለሁለት ተከፈለ። ሸሪደን የሚባል አዲስ አዛዥ መጣ፤ ጠላት ምድር ሄዶ ገደል የሚዘለው፣ ሞቶ የሚነሣው እሱ ሆነ። ሲንክሌር ደግሞ በሦስተኛው ሲዝን ለሁለት ክፍል ተመልሶ የራሱን ክብ ዘጋ። አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የሌላ ሕዝብ ነቢይ ሆነ። ሁለት ሰው፣ አንድ መንገድ።

ከሁሉም በላይ ግን ሎንዶንና ጅካርን እይልኝ። ሁለቱም አምባሳደሮች ናቸው፤ ሕዝቦቻቸው ደመኞች ናቸው። ሲጀምር ሎንዶ መጠጥና ቁማር የሚወድ፣ የሚያስቅ ሰውዬ ነው። ጅካር ተንኮለኛ ይመስላል። አንድ ፈገግተኛ ሰው ይመጣና ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ምን ትፈልጋለህ? ጅካር በቀል አለ። ሎንዶ የአገሬ የድሮ ክብር ይመለስ አለ። ለሎንዶ ተሰጠው። በሁለተኛው ሲዝን የጅካር ዓለም ከሰማይ በሚወረወር ድንጋይ ሲደበደብ ሎንዶ ከመርከቡ መስኮት ቆሞ ያያል። አንድ ቃል አይናገርም። ፊቱ ብቻ ነው። ያ ፊት አንጀት የሚበላው ከዚያ በፊት አርባ ክፍል ያህል አብረነው ስለሳቅን ነው። የትኛው ፊልም ነው አርባ ክፍል ያለው?

ጅካር ደግሞ አገሩን ያጣል፤ ዓይኑን ያጣል፤ በኋላ በቀሉን ራሱ ይጥለዋል። የጻፈውን ሕዝቡ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ያነበዋል። ሎንዶ ሽልማቱን አስቀድሞ ወስዶ ፈተናውን ዕድሜውን ሙሉ የከፈለ ሰው ነው። ያው ካርዶች ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ነው የተገለበጠው።

ወንድሟ 11 ዓመት ጠፍቶ ነው የተገኘው። 11 ዓመት! እሱ የራሱ ጉዞ የለውም?

የኤዲተሩ ወንበር

ሰላም። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በኤዲቲንግ ክፍል የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ከሥራዬ ልንገርሽ። ፊልም ሲረዝም፣ ሰዓቱ አልበቃ ሲል፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጀግናው ቤቱ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ሁሌም። ራሴ ብዙ ጊዜ ቆርጬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም አለ።

አሁን ወደ ካምቤል እንመለስ። አንቺ የያዝሽው የቮግለርን 12 ነው። የካምቤል ግን 17 ነው። አከፋፈሉን ተመልከቺ፦ ለመውጣት አምስት፣ ለመፈተን ስድስት፣ ለመመለስ ስድስት። መመለስ ከሲሶ በላይ ነው! ቮግለር ጋ ስንት ቀረ? ሦስት። የመመለሻው መንገድ፣ ትንሣኤው፣ መድኃኒቱን ይዞ መግባት። ለሁለት ሰዓት ፊልም ልክ ነው፤ አልነቅፈውም። ለአንቺ ግን ያስፈለገሽ የተቆረጠው ነው። አራት ክፍል ጎደለኝ ያልሽው እዚያ ነው ያለው።

ከካምቤል የመመለስ ደረጃዎች የመጀመሪያው ምን መሰለሽ? ለመመለስ እምቢ ማለት። ጀግናው ያገኘውን አግኝቷል፤ ቤቱ መግባት ግን አይፈልግም ወይም አይችልም። ቀጥሎ ሽሽቱ አለ። ከውጭ ሰው መጥቶ የሚያወጣው አለ። ደፉን ወደዚህ መልሶ መሻገር አለ፤ ይሄ ከመጀመሪያው መሻገር የበለጠ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ያየኸውን እዚህ ላለ ሰው የምትነግርበት ቃል የለህም። ከዚያ በሁለቱም ዓለም መመላለስ። በመጨረሻም በነፃነት መኖር።

ቴሌቪዥን ይህን ሲያደርገው ምን እንደሚመስል ለማየት የ1990ውን ስታር ትሬክ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን ፈልጊ። የሦስተኛው ሲዝን መጨረሻና የአራተኛው መጀመሪያ። ቦርግ የሚባሉት ካፒቴን ፒካርድን ይማርኩታል። አካሉን ከማሽን ጋር ይሰፉታል፤ አፉን አፋቸው ያደርጉታል፤ እውቀቱን ወስደው የገዛ ወገኖቹን ይፈጁበታል። ዎልፍ 359 በተባለው ስፍራ 39 መርከብ ጠፋ፣ ወደ 11,000 ሰው አለቀ። ባልደረቦቹ በጭንቅ ያስለቅቁታል። ምድር ትተርፋለች። ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ሙዚቃው ይነሣ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጣው ክፍል ጦርነት የለበትም። የመርከቧ ማዘዣ ክፍል አንድም ጊዜ አይታይም፤ በዚያ ድራማ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል እሱ ብቻ ነው። ፒካርድ ወደ ትውልድ መንደሩ፣ ወደ ታላቅ ወንድሙ የወይን እርሻ ይሄዳል። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ አይስማሙም። ወንድሙ ይነካካዋል። ይደባደባሉ፤ ጭቃ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ይስቃሉ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ይለወጣል። ያ የማይነቃነቅ ካፒቴን ጭቃ ላይ ተቀምጦ ሊያስቆማቸው እንዳልቻለ፣ ብርታቱ እንዳልበቃ እየተናገረ ያለቅሳል። ወንድሙ አያባብለውም። ይህን ይዘኸው ረጅም ዘመን ትኖራለህ ይለዋል። ከልብ የመጣ ነው። እህቴ፣ እኔ ደፉን መልሶ መሻገር የሚባለው ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያች ክፍል ነው። የጻፈው ሮናልድ ሙር ነው።

ደግሞ እዚያ ላይ አላበቃም። በ1993 ሌላው የስታር ትሬክ ድራማ ዲፕ ስፔስ ናይን ሲጀምር የመጀመሪያው ትዕይንት ያው ዎልፍ 359 ነው። አሁን ግን የምናየው ከሌላ መርከብ ውስጥ ነው። ሲስኮ የተባለ መኮንን ሚስቱን ፍርስራሽ ሥር ትቶ፣ ልጁን ይዞ ይወጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ከፒካርድ ጋር ይገናኛሉ። ፒካርድ በትሕትና ሊያናግረው ይሞክራል። ሲስኮ ቀደም ብለን ተገናኝተናል ይለዋል፤ በውጊያው። የፒካርድ ፊት ይለወጣል። የአንዱ ሰው ፈተና የሌላው ሰው መነሻ ሆነ። ይህን የሚያደርግ ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

ሲስኮ ራሱ ሌላ ትምህርት ነው። የትም አይሄድም። የሚያዘው የጠፈር ጣቢያ አይንቀሳቀስም፤ የማይታወቀው ዓለም በደጁ ይመጣበታል። የአማልክት መልእክተኛ ነህ ይሉታል፤ እሱ ለዓመታት አይዋጥለትም። እምቢታው አንድ ትዕይንት አይደለም፤ ብዙ ሲዝን ነው። በ1999 ሲያበቃ ግን ይሄዳል፤ ልጁ በጣቢያው መስኮት ቆሞ ውጭ ውጭ ያያል።

አንድ ድራማ ልጨምርና ላብቃ። ፋርስኬፕ። ክራይተን የተባለው የጠፈር ተጓዥ ከምድር እጅግ ሩቅ ወደሆነ የጠፈር ክፍል ይወድቃል። ሦስት ሲዝን ሙሉ ወደ ምድር የሚመልሰውን መንገድ ይፈልጋል። አራተኛው ላይ ያገኘዋል፤ ቤቱ ይገባል። አባቱ አለ፣ እህቱ አለች። ሁሉ አለ። ግን ቤቱ ጠበበው። ያየውን አይቶ እንደ ድሮው መሆን አልቻለም። በመጨረሻ ምን አደረገ? ጠላት እንዳይገባበት ብሎ ወደ ምድር የሚወስደውን መንገድ በገዛ እጁ ዘጋው። ለወገኖቹ ያመጣው መድኃኒት ያ ነው።

አራተኛው ላይ አስገቢያት። አትፍሪ። ከዚያ በሩን ዝጊና ካሜራውን ውስጥ ተዪው።

የማታ ጸሐፊ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 5፣ 6፣ 6 የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ተነሥቼ ካርዶቹን ከግድግዳ አወረድኳቸው። 12 የሚለውን ቁጥር እንደ ሕግ ይዤው ነበር። እርስዎ እስኪነግሩኝ መመለስ ስድስት ደረጃ እንዳለው ልብ አላልኩም።

ሦስተኛው ሲዝን፣ የሎንዶን ነገር ስላስታወስከኝ አመሰግናለሁ። ስለ ወንድሟ ያልከው ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። እስካሁን ጉዞ የሰጠሁት ለእሷ ብቻ ነው። እሱን እንደ ዕቃ ነው የጻፍኩት፤ ሄዳ የምታመጣው ዕቃ።

አንድ ፍርሃት ግን አለኝ። ፒካርድ ጭቃ ላይ ማልቀስ የሚችለው አንድ ክፍል ነው። በሚቀጥለው ወደ መርከቧ ይመለሳል። እኔ አራት ክፍል አለኝ። አራት ክፍል ሙሉ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲያዝን ማን ያያል? አደጋው ከምን ይምጣ?

ራዳር

እኔ በአንድ ነገር ከሁላችሁም እለያለሁ። የጀግናው ጉዞ የሚያሳስበኝ አንድን ሰው ከሌላው ለይቶ ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ጥሪ የመጣለት እሱ ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው። ረጅም ድራማ ውስጥ ግን አጃቢ የሚባል ሰው መኖር የለበትም። የማታ ጸሐፊ፣ 31 ሰዎች አሉ ብለሽ ጀመርሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሠላሳዎቹ አንድ ቃል አልጻፍሽም።

ጋሼ የጠቀሱት ሮናልድ ሙር በኋላ ባትልስታር ጋላክቲካ የተባለውን፣ ከጥፋት የተረፉ ሰዎች በመርከብ የሚሸሹበትን ድራማ እንደገና ሠራው፤ ከ2003 እስከ 2009። እዚያ ውስጥ ሎራ ሮዝሊን አለች። የትምህርት ሚኒስትር ናት፤ በሥልጣን ተራ 43ኛ። ከላይዋ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን አለቁና ፕሬዚዳንት ሆነች። በዚያው ቀን ነው የጡት ካንሰር እንዳለባት የሰማችው። ሰይፍ የላት፣ መካሪ የላት። ያላት ነጭ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ከሰው ዘር የተረፈው ቁጥር ተጽፏል።

የመጀመሪያው መደበኛ ክፍል ስሙ «33» ነው። ጠላት በየ33 ደቂቃው ይመጣል። አምስት ቀን ማንም አልተኛም። መርከብ በጠፋ ቁጥር፣ ሰው በሞተ ቁጥር ሮዝሊን ታጠፋና አዲሱን ቁጥር ትጽፋለች። በመጨረሻ ሕፃን ተወለደ የሚል መልእክት ይመጣል። ትነሣና አንድ ትጨምራለች። በቃ። ያቺ አንድ ቁጥር ከየትኛውም ፍንዳታ በላይ ነው። በኋላም በብዙ ክፍሎች መግቢያ ላይ ቁጥሩ ይታያል። ተመልካቹ ገና ሲጀምር ስንት ሰው ቀረ እያለ ይፈራል።

ሮዝሊን ሕዝቡን ለአራት ሲዝን መራች። አዲሲቱን ምድር ከአየር ላይ አየቻት፤ እዚያው ሞተች። ሙሴ ናባው ተራራ ላይ እንዳለው ነው። መድኃኒቱን አምጥታለች፤ የጠጡት ሌሎች ናቸው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። አደጋው ከምን ይምጣ አልሽ። አንቺው ጽፈሽዋል እኮ! ለ31 ሰው የተሠራ የውኃ ማሽን አለሽ። ጀግናሽ ዘጠኝ ሰው አመጣች። 40 ሆኑ።

እኔ ከውኃ ቴክኖሎጂ ጋር የተያያዘ ሥራ ስለምሠራ ይሄ ነገር አይኔ ውስጥ ገባ። ናሳ በ2023 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ 98 በመቶ ውኃ መልሶ መጠቀም እንደቻለ አሳውቋል። ትልቅ ነገር ነው። ግን የቀረውን ሁለት በመቶ አስቢው። በየዙሩ ያቺ ሁለት ትጠፋለች፤ ሰው ሲበዛ የሚጠፋው ይበዛል፤ የመጠባበቂያው ታንክ ይወርዳል። ማጣሪያው ከተሠራበት አቅም በላይ ሲሮጥ ቶሎ ያልቃል። ይህን በመርከቧ ላይ ቀድሞ የሚያውቀው ማነው? ማሽኑን የምትጠግነው ሴት ናት። ወንድሟን ያመጣችው ራሷ ናት። ለሠላሳዎቹ መናገር ያለባት ራሷ ናት። ጠላት አያስፈልግሽም።

የማታ ጸሐፊ

ዘጠኝ ቀን ዝም ያልኩት እየጻፍኩ ስለነበር ነው። አምስተኛው ክፍል አለቀ። ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ከእናንተ የወጣ ነውና።

ሲከፈት ጀግናዬ ማሽኑ ሥር ተኝታ ቆጣሪ ታነባለች። ከተመለሱ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። ቁጥሩ ልክ አይመጣም። ማሽኑ ያፈሰሰ ይመስላትና ቧንቧውን ሁሉ ትፈትሻለች። ቧንቧው ደህና ነው። እንደገና ትቆጥራለች። ማሽኑ የሰጠው ውኃ ወደ ማሽኑ ተመልሶ አልገባም። አንድ ቦታ ቆሟል።

ያለው ወንድሟ ጋ ነው። በአልጋው ሥር፣ በግድግዳው ክፍተት፣ በልብሱ ውስጥ፤ ትንንሽ ከረጢቶች። 11 ዓመት በጠብታ ሲኖር የነበረ ሰው ነው። የሚሰጡትን ግማሹን ይጠጣና ግማሹን ይደብቃል። አልጋው ላይ አይተኛም። የጠፈር ልብሱን ለብሶ ከበሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ለመመለስ እምቢ ያለው እሱ ነው። ጋሼ፣ ካርዱን ለእሱ ሰጠሁት።

ከረጢቶቹን ስታገኝ አይጣሉም። አጠገቡ ትቀመጥና አብራው ትቆጥራቸዋለች። 214 ናቸው። ራዳር፣ ሠላሳዎቹ ደግሞ አሁን ስም አላቸው፤ ቢያንስ አሥራ አንዱ። ወጥ ቤት የሚሠራው ሰው ነው ወንድሟ ውኃ እንደሚደብቅ መጀመሪያ ያየው፤ ለማንም አልተናገረም። ለምን እንዳልተናገረ ስድስተኛው ክፍል ላይ ነው።

በአንድ ነገር ግን ካንተ እለያለሁ። ጀግናዬን ከሌሎቹ እኩል አላደርጋትም። ምልክቱ በመጣ ሌሊት እሄዳለሁ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ያ ትልቅ ነገር ነው፤ እንደዚያው ይቆይ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ከሙያዎ ልጠይቅዎት። ማሽኑ ከአቅሙ በላይ መሥራቱን ተመልካቹ በቃል ሳይነገረው እንዲሰማው እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?

የኤዲተሩ ወንበር

በድምፅ አድርጊው። ከመጀመሪያው ክፍል የመጀመሪያ ትዕይንት ጀምሮ ማሽኑ ከሥር ይሰማ። ዝግ ያለ፣ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ። ሲበሉም፣ ሲጣሉም፣ ሲያወሩም አይቋረጥ። ማንም ስለ እሱ አይናገር። አራት ክፍል ሙሉ ተዪው፤ ሰው ይለምደዋል፣ መስማቱን ይተዋል። አምስተኛው ላይ ትንሽ አፍጥኚው።

ወንድሟ ከበሩ አጠገብ በተቀመጠበት ትዕይንት ሌላ ድምፅ ሁሉ አውጪ። ሙዚቃም አታስገቢ።